መሪ ሳይጨብጡ በአርባ ምንጭ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አርባ ምንጭ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአዞው ወይም በሐይቆቹ ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተዘርግተው፥ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጉብታ ተጋድሞ ሲታይ፥ ብዕር የያዘ ሁሉ ወደዚያው ማዘንበሉ አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ይኸውም መኪና የሌለው፥ መንጃ ፈቃድም ያላወጣ ሰው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባለው በጋሞ አገር እንዴት እንደሚዘዋወር ነው።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ጠዋት የራሱን አውቶሞቢል አስነሥቶ የሚወጣው ስንቱ ነው? እኔም ሴቻ ላይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ስለዚህ የምጽፈው ከውጭ ሆኖ እንደሚመለከት ሰው ሳይሆን፥ ሳንቲሙን በእጁ ይዞ ከመንገድ ዳር እንደሚቆም ሰው ነው።

በቅድሚያ እንዴት እንደሚመጡ ልንገርዎ። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚያመጡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ አንዱ የሰማይ፥ ሁለተኛው የምድር ነው። የገንዘብ አቅም ያለው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፍሮ አንድ ሰዓት ያህል በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከአባያ ሐይቅ አጠገብ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። እንደ እኛ ያለው ደግሞ ገና ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ተሰልፎ በአውቶቡስ ይመጣል። በሻሸመኔ በኩል የዞረ እንደሆነ መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የመጣ ግን መንገዱ ያጥርለታል። ሁለቱም መንገዶች ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኙና ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ። አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ካፖርቱን ያወልቃል፤ በስተግራ በኩል የአባያ ውሃ ቀላ ብሎ ብቅ ይላል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝም የሙዝና የማንጎ አትክልት ይታያል። ያን ጊዜ መድረስዎን ይወቁት።

አውቶቡሱ የሚያወርድዎ ሲቀላ ነው። ገና ሻንጣዎን ሳያስተካክሉ «ሴቻ! ሴቻ! ሴቻ!» የሚል ድምፅ ከአራት ማዕዘን ይከብዎታል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ግራ መጋባቱ አይቀርም፤ «አርባ ምንጭ ደረስሁ ብዬ ስወርድ ደግሞ ወዴት ልትወስዱኝ ነው?» ይላል። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው። አርባ ምንጭ አንድ ስምና ሁለት መንደር ያላት ከተማ ናት። ሲቀላ ከታች ከሜዳው ላይ ያለው የንግዱ ሰፈር ነው፤ ገበያው፥ መናኸሪያው፥ ትልልቁ ሱቅ የሚበዛው እዚያ ነው። ሴቻ ደግሞ ከላይ ከደጋማው ተረተር ላይ ሆኖ ሐይቆቹን ቁልቁል የሚመለከት ሰፈር ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የሰፈሩት በዚያ ነው። በሁለቱ መካከል አራት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ መንገዱም ዳገት ነው።

ይህ አቀማመጥ የመጣው ከከተማዋ ታሪክ ነው። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በተራራው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ ቆላው ሲወርድ፥ ሹማምንቱና ጽሕፈት ቤቶቹ ነፋሻውን ከፍታ ያዙ፤ ነጋዴውም መኪና በቀላሉ የሚደርስበትን ሜዳ ያዘ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ብዙ ተለውጣለች። እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተባት፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2004 አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል። የሆነ ሆኖ ያ የመጀመሪያው ክፍፍል አልጠፋም። ቤቱ ከታች ሆኖ ሥራው ከላይ የሆነ፥ ወይም ትምህርቱ ከላይ ሆኖ ገበያው ከታች የሆነ ሰው እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ በአርባ ምንጭ መጓጓዣ የሚያስፈልገው ለመንሸራሸር ሳይሆን ለመኖር ነው።

አሁን ወደ ባለ ሦስት እግሯ እንመለስ። በመላ አገራችን «ባጃጅ» የምንላት ይህች ትንሽ ተሽከርካሪ በአርባ ምንጭ የሕዝቡ እግር ናት። ባጃጅ የተባለው በእውነቱ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ የሠሪውን ስም ለዕቃው ሰጥተነዋል፤ ልክ የጭነት መኪናውን ሁሉ ኢሱዙ እንደምንለው። የዘር ሐረጓን ወደ ኋላ የቈጠረ ሰው ግን ጣሊያን አገር ይደርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ ባለ ሁለት እግር ሞተር ብስክሌት ሠርቶ ቬስፓ ብሎ ሰየማት፤ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ቀጥሎም ባለ ሦስት እግሯን ሠርቶ አፔ አላት፤ ትርጓሜው ንብ ነው። የሕንዱ ኩባንያም በጊዜው ከዚሁ ፋብሪካ ፈቃድ አግኝቶ ቬስፓን ይሠራ ነበር። ጠዋት ከሲቀላ አደባባይ ቆሞ ባጃጆቹ እየጮኹ ሲወጡና ሲገቡ የተመለከተ ሰው፥ ንብ ያላት ሰው እንዳልተሳሳተ ይመሰክራል።

በባጃጅ የሚሳፈር እንግዳ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፥ ሁለት ዓይነት አሳፋሪ መኖሩን ይረዱ። አንደኛው በታወቀ መሥመር የሚመላለስ ሲሆን፥ መንገደኛውን ሁሉ እየጫነና እያወረደ ይሄዳል፤ ዋጋውም የታወቀ ታሪፍ ነው። ሁለተኛው ኮንትራት ይባላል፤ ብቻዎን ወደ ፈለጉት ስፍራ የሚወስድዎ ነው፤ ዋጋውም በስምምነት ነው። እንግዳ መሆንዎ ከታወቀ «ኮንትራት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «አይደለም፤ በመሥመር ነው» ማለት ያስፈልጋል። ኮንትራት ከያዙም ዋጋውን የሚነጋገሩት ከመሳፈርዎ በፊት እንጂ ከወረዱ በኋላ አይሁን። ከወረዱ በኋላ የሚደረግ ክርክር መንገደኛውንም ነጂውንም ያስቀይማል።

ሁለተኛ፥ የኋላው መቀመጫ የተሠራው ለሦስት ሰው ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲባል ግን አራተኛ ሰው ከነጂው ጎን አንድ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን እርስዎ አያድርጉት፤ ክልክል ከመሆኑም በላይ ከሴቻ ዳገት ላይ ሲታጠፉ የሚሆነው አይታወቅም። ሦስተኛ፥ ለመውረድ ሲፈልጉ «ወራጅ አለ!» ይበሉ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ በትሕትና የተነገረ ቃል አይሰማም። አራተኛ፥ ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። ነጂው በጠዋት መልስ የለውም፤ እርስዎም ትልቅ ብር ይዘው ከቆሙ የኋላው መንገደኛ ሁሉ ይጠብቅዎታል።

እንዲህ ሆኖ ጉዞው ደስ ያሰኛል። በዝናብ ጊዜ ካልሆነ በስተቀር የጎኑ ሸራ ተጠቅልሎ ስለሚታሰር ነፋሱ ይገባል፤ የመንገዱ ዳር ዛፍ ይታያል። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጫሞ የሚወርደው ኩልፎ ወንዝ አለ። ዳገቱን ሲጨርሱም ከበስተምሥራቅ በኩል አገሩ ድንገት ይከፈትና ከታች ጥቅጥቅ ያለው ጫካ፥ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች፥ ከሐይቆቹም ማዶ የነጭ ሣር ሜዳና ተራራው ይታያል። በጫካው ውስጥ ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም የሚጀምረው ከዚያው ነው። አጠገብዎ የተቀመጡት እናት ግን ይህን ሁሉ አያዩም፤ በጉልበታቸው መካከል የያዙት የሙዝ ዘንቢል እንዳይገለበጥ ይጠነቀቃሉ።

ይህን ያህል ካመሰገንሁ በኋላ ስለ ሌላው ወገን ልናገር ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት ካስተማርኋቸው ተማሪዎች መካከል በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ አንድ ልጅ ነበረ። ቤቱ ሲቀላ ነው። እኔ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስም እጠራለሁ፤ ስሙን ስጠራ ብዙ ቀን መልስ አልነበረም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል ላቡን እየጠረገ ይገባና ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። እኔም በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያልሁ ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ ገሥጬዋለሁ፤ አንድ ጊዜም በክፍሉ ፊት «ከሌሊት የሚነሣ ሰው አይዘገይም» ብዬ ተናግሬዋለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

አንድ ቀን ለጉዳይ ሲቀላ አድሬ ስለነበር ጠዋት ወደ ሴቻ ለመውጣት ከመንገድ ቆምሁ። ያ ልጅ ከእኔ በፊት ቆሞ አገኘሁት። መነሣቱንስ ተነሥቷል፤ ከቆመ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ባዶ መቀመጫ ያለው ባጃጅ ይመጣል፤ ነጂው ምርኩዙን ያያል፤ ያልፋል። አንዱ ቆም ብሎ፥ ምርኩዙ የሌላ ሰው ቦታ ይይዛል በማለት የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀው። ልጁ ግን የያዘው የአንድ ሰው ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ሮጠው እየተሻሙ ይገባሉ፤ እሱ መሮጥ አይችልም። በመጨረሻ ሁለታችን አብረን ተሳፍረን ስንሄድ «መምህር፥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲቀንስ ነው የሚጭኑኝ» አለኝ። ሰው የሚቀንሰው ደግሞ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መዝገቤ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም።

ነጂዎቹ ክፉዎች ስለሆኑ ነው ብዬ ልደመድም አልችልም። ኋላ ከአንዳንዶቹ ጋር ተጨዋውቻለሁ። ብዙዎቹ ከተማሪዎቼ በዕድሜ እምብዛም የማይበልጡ ወጣቶች ናቸው። ባጃጁ የራሳቸው ያልሆነ ብዙ ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፤ ከዚያ የተረፈው ነው የእነሱ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ ላይ ያደርግ የነበረውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ የቤንዚን ዋጋ ተደጋግሞ ጨምሯል። ቤንዚን ሲጠፋም ግማሽ ቀን በሰልፍ ያልፋል። እንግዲህ ጠዋት ያለችው አንዲት ሰዓት ለነጂው የቀኑ እንጀራ ናት፤ ለልጁ ደግሞ የዓመቱ ትምህርት ናት። ሁለቱ በአንዲት መቀመጫ ላይ ተገናኙ፤ በመካከላቸው የሚፈርድ ሥርዓት ግን የለም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በከተማዋ ውስጥ ሌላም የሚጎዳ አለ። ሲመሽ ባጃጁ ይቀንሳል፤ የቀረውም ኮንትራት ካልሆነ አይንቀሳቀስም። በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር ጸሐፊ፥ ምጥ የያዛት ሴት፥ ተረኛ የሆነች አስታማሚ፥ ሁሉም በዚያ ሰዓት ዋጋውን የሚቀበሉ እንጂ የሚናገሩ አይደሉም። በሚያዝያና በግንቦት ዋናው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከአስፋልቱ የወጣው የሰፈር መንገድ ይጨቀያል፤ ነጂውም «እስከዚህ ድረስ ነው» ብሎ ከመንገዱ አፍ ያወርድዎታል። ለወጣት ሰው ይህ ቀላል ነው። ለሽማግሌና ለዓይነ ስውር ግን የቀረችው ሦስት መቶ ሜትር ከመጣበት አራት ኪሎ ሜትር ትረዝማለች።

አሁን ደግሞ ከከተማዋ ወጣ እንበል። አንባቢ ሆይ፤ ጋሞን በአርባ ምንጭ ብቻ ያየ ሰው ጋሞን አየሁ ሊል አይችልም። ቅዳሜ ወይም ማክሰኞ በጠዋት ወደ ጨንቻ ገበያ ይውጡ። ሰኞና ሐሙስ ከሆነ ደግሞ የዶርዜ ገበያ አለ። መነሻው ከሲቀላ መናኸሪያ ነው፤ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ የሚባለውን መለስተኛ አውቶቡስ ያገኛሉ። እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ስለዚህ መጽሐፍ ይያዙ። ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ከተጓዙ በኋላ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍና ተራራውን ይያያዘዋል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ የምትርቀው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ከ1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተው ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ስለሚወጡ፥ በአንድ ጠዋት ከሙዝ አገር ወደ ገብስ አገር ይገባሉ። ከታች ያወለቁትን ካፖርት ከላይ መልሰው ይለብሱታል።

በመንገዱ ላይ የዶርዜን ቤቶች ያያሉ፤ ከቀርከሃ ተጠልፈው በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል የተሸፈኑ፥ ፊታቸው የዝሆን ራስ የሚመስል ረጃጅም ቤቶች ናቸው። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። መጓጓዣን በሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ ቤት ሲጓጓዝ መጥቀስ ያለብኝ መሰለኝ። ከየቤቱም የሸማ ዕቃ ድምፅ ይሰማል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ከሚሸጠው ጥበብ ብዙው የሚሠራው ከዚህ አገር በሄዱ ሸማኔዎች እጅ ነው። ዛሬ እነዚህ ሰዎች በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ አባቶቻቸው ግን ያን ሁሉ አገር በእግራቸው አቋርጠውት ነበር።

በሚኒባሱ መስኮት የሚያዩት ግን ሁሉ እንደ እርስዎ የተቀመጠ አይደለም። ከመንገዱ ዳር በሰልፍ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ከደጋ እንጨትና የሸክላ ዕቃ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ከቆላ ፍራፍሬና እህል ተሸክመው ይወጣሉ። ለእነሱ ባጃጅም ሚኒባስም የለም፤ የሸክሙ ዋጋ የመሳፈሪያውን አይሸፍንምና። ጥቂቶቹ በገበያ ቀን በኢሱዙ ጭነት ላይ ይወጣሉ፤ ይህ ግን ሕይወትን አስይዞ መጓዝ ነው። መኪና ወደማይደርስባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ወጣቶች በሞተር ብስክሌት ሰው ያመላልሳሉ። አንዳንድ ጊዜ ነጂው ከፊት፥ በሽተኛው በመካከል፥ ደግፎ የያዘው ዘመድ ከኋላ ሆነው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንቡላንስ ከሚቆምበት አስፋልት የሚያደርሳቸው እሱ ብቻ ነው።

ውሃውም ቢሆን መንገድ ነው። በአባያ ውስጥ ያለችው የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ወደ የብስ የሚወጡት ከቀላል እንጨት በሚሠራ ታንኳ ነው። በጫሞ ላይ እንግዳ ተቀባዮቹ ጀልባዎች በሞተር ይሄዳሉ፤ «የአዞ ገበያ» እስከሚባለው ዳርቻም ወስደው ያሳያሉ። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ደግሞ በአውቶቡስ ኮንሶን፥ ከዚያም አልፎ ጂንካን ይደርሳል። ስለዚህ መሪ ሳይጨብጥ አገር ማየት የሚፈልግ ሰው ትዕግሥት ካለው የሚያግደው የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ?

ትዕግሥት ግን ለአገር ጎብኚ እንጂ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው መድኃኒት አይሆንም። በሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረጉት ብለን ብንጠይቅ ጥቂት የሚጠቅም ነገር እናገኛለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ የሕዝብ አውቶቡስ የአካል ጉዳት ያለውን ሰው እንዲያሳፍር ግዴታ አደረገ። ከዚያ በፊት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች በየከተማው አውቶቡስ ፊት እየቆሙ ብዙ ዓመት ታግለዋል። እኛም ብንሆን ከሕግ የራቅን አይደለንም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች፤ በስምምነቱም ውስጥ መጓጓዣ ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን የሚያዝ ቃል ይገኛል። በአዲስ አበባ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡር አገልግሎት ሲከፈት መኪና የሌለው ሕዝብ ተደስቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበረከቱ ናቸው፤ ወደ ፊት የባጃጁ ነጂ ከቤንዚን ሰልፍ ቢያርፍ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ በኤሌክትሪክም ቢሄድ ያን ልጅ ጥሎ ማለፍ የሚችለው ያው ነጂ ነው።

ስለዚህ ለአርባ ምንጭ የሚሻለው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ቢደረግ ብዙ ይቀላል። አንደኛው፥ በሲቀላና በሴቻ መካከል በታወቀ ሰዓት የሚመላለስ አውቶቡስ ቢኖር ነው፤ ቢያንስ ጠዋት፥ ቀትርና ማታ። መንገዱ አንድ፥ ሕዝቡም በአንድ ሰዓት የሚወጣና የሚገባ ስለሆነ አውቶቡሱ ባዶውን አይሄድም። ሁለተኛው የእግረኛ መንገድ ነው። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ከመኪናው የሚለይ ንጹሕ መሄጃ፥ በየመካከሉም የዛፍ ጥላና መቀመጫ ቢደረግለት ወጪው ከአስፋልት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሦስተኛው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ እሱም ተራ ነው። በየመሳፈሪያው ሰልፍ ቢኖር፥ በሰልፉም ላይ አካል ጉዳተኛ፥ ነፍሰ ጡር፥ በሽተኛና ሽማግሌ ይቅደም ቢባል፥ ምርኩዝም ሒሳብ አይከፍልም ቢባል ነገሩ ግማሹን ያህል ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሊሆን አይችልም የሚለኝ ሰው ቢኖር የጋሞን ሕዝብ አላወቀውም እለዋለሁ። ይህ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዱቡሻ በሚባለው የስብሰባ ሜዳ ተቀምጦ ጉዳዩን በንግግር የሚፈጽም ሕዝብ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሌላ ስፍራ ወገኖቻቸው እንደተገደሉ የሰሙ ወጣቶች በቁጣ ለበቀል ሲወጡ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሽማግሌ ተሻግረው አላለፉም። ያን የሚያህል ቁጣ በሣር የመለሱ ሽማግሌዎች ካሉበት ከተማ ለአንድ ተማሪ የሚሆን መቀመጫ ይጠፋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ከሸማኔ አገር በላይ የት ይሠራል?

እኛ በትምህርት ቤታችን ጥቂት ሞክረናል። ከልጁ ክፍል ጓደኞቹ ሁለቱ ሲቀላ የሚኖሩ ስለሆኑ ጠዋት ከእሱ ጋር ይቆማሉ፤ አንዱ ባጃጁን ሮጦ ይይዝና እሱን ያስገባል፤ ሌላው ምርኩዙን በጉልበቱ ላይ ይይዛል። በሰፈሩ ያለ አንድ ነጂም ነገሩን ሰምቶ ጠዋት የመጀመሪያውን ጉዞ ከእሱ ቤት በር እንዲጀምር ተስማማ፤ የሚቀበለውም የአንድ ሰው ሒሳብ ነው። ይህ ከሆነ ወዲህ ልጁ በስም ጥሪ ጊዜ ብዙ ቀን ይገኛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቤንዚን የጠፋ ዕለት ያ ነጂ ሰልፍ ላይ ያድራል፤ ልጁም ቤቱ ይውላል። እንዲህ ባለው ቀን እኔ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብዬ መጻፌ አልቀረም፤ ደንቡ ነውና። ከጎኑ ግን በትንሽ ፊደል «መጓጓዣ» ብዬ እጨምርበታለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ይህ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቈጥሬ ለሚመለከተው ክፍል ለማቅረብ አስቤያለሁ።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀን ወደ አርባ ምንጭ መምጣትዎ አይቀርም፤ ለሥራ ቢዛወሩ፥ ለዩኒቨርሲቲ ቢመደቡ፥ ወይም እንዲሁ ሐይቁን ለማየት ቢሹ። ያን ጊዜ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሲሳፈሩ ከመንገድ ዳር የቆመ፥ መሮጥ የማይችል ሰው ያዩ እንደሆነ «ወራጅ አለ!» በሚሉበት ድምፅ «ተሳፋሪ አለ!» ይበሉ። ነጂው ይቆማል። እርስዎም ጠጋ ይበሉ፤ ቦታው ለሦስት ሰው ይበቃል።